አፈሩን መጀመሪያ የለካው ኮምፒውተር አይደለም

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ የደብረ ሲና ቁልቁለት ሳይጀመር፣ አንዲት ጥድ የሚባል ቦታ አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በ1974 ዓ.ም. እዚህ የዝናብ መለኪያ ተተከለ፤ ወንዙ ላይም የውሃውን ልክ መመዝገቢያ ተሠራ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቦታው የተመደቡ ታዛቢዎች ዝናቡን በየቀኑ ሲጽፉ፣ ጎርፍ በወረደ ቁጥር ደግሞ ወንዝ ዳር ቆመው ደፍራሹን ውሃ በጠርሙስ ሲቀዱ ኖሩ። ውሃው ይጠላል፣ ጭቃው ይደርቃል፣ ይመዘናል። የተመዘነው የገበሬው ማሳ ነው።

ዛሬ ዛሬ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጎዳውን አፈር ሊታደግ ነው» የሚል ዜና መስማት ተለምዷል። በስልክ የሚጠየቅ አማካሪ፣ ከሳተላይት የሚነበብ ማሳ፣ ለእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት የሚታዘዝ ማዳበሪያ። ዜናው ውሸት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ማሽኑ የሚያውቀውን ያወቀው እንዲህ ካለው ጠርሙስና መዝገብ ነው። በዚህ ደጋ ላይ ደግሞ ከማሽኑ በፊት «አፈርህን እኛ እናውቅልሃለን» ብሎ የመጣ ሦስት ጊዜ አለ። የሦስቱን ታሪክ ሳያስታውሱ አራተኛውን ማወደስም መንቀፍም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ከባለሙያው በፊት

ከቀየት እስከ መሐል ሜዳ፣ ከግሼ ራቤል እስከ መርሐቤቴ አፋፍ ያለው ገበሬ አፈሩን በስም እየለየ ኖሯል። መረሬ፣ ዋልካ፣ ቀይ አፈር፣ ጭንጫ። ስሙ ብቻውን ምክር ነው። ዋልካ ክረምት ውሃ ያቁራል፤ ስለዚህ ፈሰስ ይወጣለታል፣ አለዚያም ዝናቡ ጋብ እስኪል ይጠበቃል። በእነዋሪ ሜዳ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ሰፋፊ መደብና ቦይ ያወጡ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ የዋልካ አፈርን ያጠኑ ተመራማሪዎች ያንኑ የእጅ ሥራ የሚያቀል፣ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠርተዋል።

ገበሬው ያወቀው ሁሉ ግን አፈሩን ጠቅሟል ማለት አይደለም። በሰሜን ሸዋ ደጋ አፈር የማጋየት ልማድ ነበር። ለዓመታት ጦም ያደረው መሬት ይታረስና ጓሉ ከኩበትና ከሥራሥር ጋር ተከምሮ ይጋያል። እሳቱ በአፈሩ ውስጥ የታሰረውን ፎስፈረስ ስለሚፈታ ገብሱ ለሁለት ለሦስት መኸር ያምራል። ከዚያ መሬቱ ይዝላል፣ ለብዙ ዓመታትም ጦም ማደር አለበት። መሬት ሰፊ፣ ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን ሒሳቡ ያስኬድ ነበር። ልጅ ሲበዛና ማሳ ሲቆራረስ ጦም የሚያድር መሬት ጠፋ። ዛፉ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ማሳ መመለስ የነበረበት እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ገባ። ገበሬው የሚያደርገውን እያወቀ ነው ያደረገው። ሌላ ማገዶ አልነበረውም።

የጋራ ሕግም ነበር። የመንዝ ጓሳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ እንደኖረ ይነገራል። አስቦና ጌራ ከሚባሉት አቅኚ አባቶች የሚወለዱ ሰዎች ጓሳውን ለዓመታት ይዘጉታል፣ ጊዜው ሲደርስ ለግጦሽና ለሣር አጨዳ ይከፍቱታል። ሕግ የጣሰ ይቀጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ነጻ አወጣ። ታላቅ ፍትሕ ነበር። ነገር ግን ከርስት ጋር ተሳስሮ የኖረውን የጓሳ ጥበቃም አብሮ አፈረሰው። ጓሳው እንደገና ጠባቂ ያገኘው ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ሲደራጅ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለኋላው ይጠቅማል። አፈርና ሣር የሚጠበቁት በእውቀት ብቻ አይደለም። እውቀቱን ሥራ ላይ የሚያውል፣ የሚታመንና የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው፦ እርከን በኮታ

ከ1966 እና ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ የደጋው አፈር መታጠብ የመንግሥትና የዓለም አጀንዳ ሆነ። በ1973 ዓ.ም. የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ጀመረ። መሪው ሃንስ ሁርኒ ነበሩ። በወሎ ማይባር፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ እና በሌሎችም ቦታዎች ጣቢያዎች ተከፈቱ።

ቁጥሮቹ አስደንጋጭ ነበሩ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1978 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ከኢትዮጵያ ደጋ በዓመት 1.9 ቢሊዮን ቶን አፈር ይታጠባል አለ። ሁርኒ ከሁለት ዓመት በኋላ ባወጡት ስሌት ቁጥሩን ወደ 1.5 ቢሊዮን ቶን ዝቅ አደረጉት፤ ከታረሰ መሬት ላይ በአማካይ በሄክታር 42 ቶን። ይህ በጥማድ ሲመነዘር ከ100 ኩንታል በላይ አፈር ነው። አንድ ጥማድ ገብስ ከሚያስገባው ምርት ጋር ማነጻጸር ለአንባቢ ይተው።

መፍትሔው እርከን ሆነ። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ስንዴና ዘይት ያቀርባል፣ ገበሬ ማኅበሩ ሰው ያወጣል፣ ኪሎ ሜትር ይቆጠራል፣ ሪፖርት ይላካል። በዚያው ዘመን አንዲት ጥድ ላይ የነበሩት ተመራማሪዎች ግን ለሪፖርት የማይመች ነገር አዩ። እርከኑ አፈሩን ያስቀራል፤ ምርቱን ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። እርከን ራሱ መሬት ይበላል፣ በርጥቡ ደጋ ውሃ ያቁራል፣ አይጥም ይሸሸግበታል። የሚታጠበው የነገ አፈር ነው። የሚቀነሰው ደግሞ የዘንድሮ እንጀራ ነው። ገበሬው ሁለቱን ሲያመዛዝን «አላዋቂ» ተባለ።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በብዙ አካባቢዎች እርከኖች ፈረሱ፣ የጋራ ደኖችም ተመነጠሩ። ሰው የኔ ያላለውን ነገር ጠባቂው ሲሄድ አይጠብቀውም።

ሁለተኛው፦ ሁለት ኩንታል ለሁሉም

በ1985 ዓ.ም. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ መንግሥት ተመሳሳዩን የኤክስቴንሽን ፓኬጅ በአገር አቀፍ ደረጃ ጀመረ። ምክሩ አጭር ነበር፦ ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ። ለአርሲ ሜዳም፣ ለመንዝ ተዳፋትም፣ ለዋልካም፣ ለጭንጫም።

ይህ ምክር ሥር ነበረው። በ1960 ዓ.ም. በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ይሠሩ የነበሩት አሜሪካዊው ኤች. ኤፍ. መርፊ የኢትዮጵያን አፈር ለምነት የሚገልጽ ሪፖርት አወጡ። ከዚያ በኋላ «የኢትዮጵያ አፈር ፖታሲየም አይጎድለውም» የሚለው ቃል እንደ ዶግማ ተያዘ። ለዓመታት ወደ አገር የገባው ማዳበሪያ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ብቻ ነበር። ሪፖርቱ ሲጻፍ ትክክል ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ እህሉ፣ ገለባውና ኩበቱ ከማሳው ወጥቷል። አፈሩ ተለወጠ፤ ምክሩ አልተለወጠም።

ይህ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚደረግ ውይይት ሊረሳ የማይገባው ታሪክ ነው። አንድ የተለካ ነገር፣ ልኬቱ ቆሞ ሲቀርና ምክሩ ሲቀጥል፣ እውቀት መሆኑ ቀርቶ ልማድ ይሆናል። ማሽንም እንዲሁ ነው። የተማረው ባለፈው መረጃ ላይ ነው። አዲስ ልኬት ካልመጣለት ያለፈውን ዘመን አፈር እንደ ዛሬው አድርጎ ይመክራል።

የምክሩ ዕዳ ደግሞ በገበሬው ትከሻ ላይ ነበር። ማዳበሪያው በብድር ይሰጣል፤ ዋስትናው የክልል መንግሥት ነው፤ ሰብሳቢው የቀበሌ ሹም። ዝናብ ቀረም፣ ውርጭ መታም፣ ብድሩ ይከፈላል። በ1994 ዓ.ም. ምርት በዝቶ የበቆሎ ዋጋ ሲወድቅ በበቆሎ አምራች አካባቢዎች ብዙ ገበሬ ዕዳውን መክፈል አቃተው። ምክሩን የሰጠው ባለሙያ ግን ደመወዙ አልተነካም።

ሦስተኛው፦ ካርታው

በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት፣ በምሕጻሩ «ኢትዮሲስ»፣ ሥራ ጀመረ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይዞት ነበር፤ ከመሪዎቹ አንዱ የአፈር ሳይንቲስቱ ፕሮፌሰር ተካልኝ ማሞ ናቸው። እዚህ ላይ ነው የዛሬው ቴክኖሎጂ በር የገባው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በየወረዳው የአፈር ናሙና ይወሰዳል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ሁሉንም ናሙና በኬሚካል መመርመር ውድ ስለሆነ በናሙናው ላይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ይበራበታል። እያንዳንዱ አፈር ብርሃኑን የሚመልስበት የራሱ አሻራ አለው። ጥቂቶቹ ናሙናዎች በላቦራቶሪ ሙሉ ምርመራ ይደረግላቸዋል። ኮምፒውተሩ አሻራውንና የላቦራቶሪውን ውጤት ያገናኛል፣ የቀሩትንም ከአሻራቸው ይተነብያል። ከዚያ የሳተላይት ምስል፣ የመሬት ከፍታና የዝናብ መረጃ ይጨመርበትና ናሙና ያልተወሰደበት ቦታም በግምት ይሞላል። ካርታ የሚባለው ይህ ነው፦ ጥቂት የተቆፈረ፣ ብዙ የተገመተ።

ግምቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የገበሬው ዓይን ዋልካን ከጭንጫ ይለያል፤ የድኝ፣ የቦሮን ወይም የዚንክ እጥረትን ግን አያይም። አሲዳማነትንም ሰብሉ ቢጫ እስኪሆን ድረስ አያውቅም። ካርታው ይህን ማየት አስችሏል። ዳፕ ቀርቶ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌት እና 7 በመቶ ድኝ ያለው ኤንፒኤስ የተተካው በዚሁ ዘመን ነው።

ችግሩ የልኩ ነው። በ2013 ዓ.ም. ለመላው አፍሪካ የተለቀቀው ኢስዳ የተባለው የአፈር ካርታ እያንዳንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ 900 ካሬ ሜትር። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር፣ 2,500 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ የመንዝ ገበሬ አንድ ጥማድ ሦስት ነጥብ እንኳን አይሞላም። በተዳፋት ላይ ደግሞ ከላይ ጭንጫ፣ ከታች ደለል የሆነው ማሳ ባንድ ነጥብ ውስጥ ይቀላቀላል። ካርታው ሁለቱን ደምሮ አማካይ ይናገራል። በአማካዩ ላይ ግን ማንም አይዘራም።

አራተኛው፦ ማሽኑ

በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊና ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት የአፈርና የሰብል መረጃቸውን ለመጋራት ተስማሙ። እስከዚያ ድረስ የአስርት ዓመታት የማዳበሪያ ሙከራ ውጤት በየመሳቢያው፣ በየማስተርስ ጽሑፉና በየጡረተኛው ኮምፒውተር ተበትኖ ነበር። ያ ሲሰበሰብ ነው ማሽኑ የሚማርበት ነገር ያገኘው። በስንዴ ተጀምሮ ለየቦታው የሚለይ የማዳበሪያ ምክር ተሠራ፤ በገበሬ ማሳ ላይም ተሞከረ።

ከዚህ ሥራ ጎን ለጎን በባሶና ወራና እና በሌሎች ወረዳዎች የተደረገ ምርምር ቀላል የሚመስል ግን ፓኬጁ ለዓመታት የሳተውን ነገር አሳየ። ማዳበሪያ በተዳፋቱ ግርጌ ጥሩ ምላሽ ይሰጣል፤ አናቱ ላይ ምላሹ ደካማ ነው። አናቱ አፈሩ ስስ ነው፣ ውሃ አይዝም፣ ብስባሽ የለውም። እዚያ ገበሬው ሁለት ኩንታል ሲበትን ገንዘቡን ነው የበተነው። ለዚያ ቦታ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ፍግ፣ ኮምፖስትና እርከን ነው። ይህን ምክር የሰማ የደጋ ገበሬ ምናልባት ፈገግ ይላል። የጓሮውን መሬት በእበትና በአመድ ሲያሰባ፣ ከሩቁ ተዳፋት ብዙ ሳይጠብቅ የኖረው እሱ ነው። ልዩነቱ አሁን ነገሩ ቁጥር አግኝቷል፤ ቁጥር ያገኘ ነገር ደግሞ የመንግሥት ምክር የመሆን ዕድል አለው።

አንዲት ጥድም ሌላ ነገር አስተምራለች። ከአሜሪካ ተቀድቶ በብዙ ኮምፒውተር ሞዴሎች የሚሠራበት የጎርፍ ቀመር ነበር። በ2000 ዓ.ም. የወጣ ጥናት የአንዲት ጥድን፣ የአንጀኒንና የማይባርን የረጅም ዓመት መዝገብ መረመረ። ክረምቱ ሲጀምር መሬቱ ጠጥቶ ያስቀራል፤ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ከዘነበ በኋላ ግን ከሚወርደው ዝናብ ግማሽ ያህሉ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ያው ዝናብ በሰኔና በነሐሴ ያው ጎርፍ አይደለም። የአሜሪካው ቀመር ይህን አያውቅም ነበር። ያወቀው ወንዝ ዳር ቆሞ ጠርሙስ የሞላው ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ ምክሩ የሚደርስበት መንገድም ሰፍቷል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የስልክ መስመር በማንኛውም ተራ ስልክ በአገር ቤት ቋንቋ የሚሰማ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪም አስተናግዷል። አሁን ደግሞ ዲጂታል ግሪን እንዳቀረበው «ፋርመር ቻት» ያሉ፣ ጥያቄ ተቀብለው መልስ የሚሰጡ አገልግሎቶች መጥተዋል።

ስህተቱን ማን ይከፍላል?

የቴክኖሎጂው ደጋፊዎች አንድ ትክክለኛ ነገር ይናገራሉ። አንድ የልማት ሠራተኛ ብዙ መቶ አባወራ ይዞ፣ ገደል ወርዶ ገደል ወጥቶ ለእያንዳንዱ ማሳ የተለየ ምክር መስጠት አይችልም። ማሽኑ ይችላል። ሁለት ኩንታል ለሁሉም ከማለት፣ ተገምቶም ቢሆን ለየማሳው መለየት ይሻላል። ይህን መካድ አይቻልም።

ነገር ግን ያለፉት ዓመታት ሌላም ነገር አሳይተዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ ወጡ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ጦርነቱ ሲነሳ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። ከማዳበሪያው ዓይነት በፊት ማዳበሪያው የጠፋበት፣ ከምክሩ በፊት መስመሩ የተቆረጠበት ገበሬ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምን ይበል? አፈርህ ኖራ ይፈልጋል የሚል መልእክት ኖራው በወረዳው መጋዘን ከሌለ ምክር ሳይሆን መርዶ ነው።

ስለዚህ አራተኛው መጤ ከሦስቱ የተለየ እንዲሆን አራት ነገር ሊጠየቅ ይገባል።

አንደኛ፣ ምክር ምክር ሆኖ ይቅር። ማሽኑ የሰጠው ቁጥር የወረዳ ዕቅድ፣ የቀበሌ ኮታ፣ የካድሬ መገምገሚያ ከሆነ እርከኑን ያፈረሰው ቂም ይመለሳል። ገበሬው «አይሆነኝም» የማለት መብት ይኑረው፤ ለምን እንዳለም ይመዝገብለት። እምቢታው ራሱ መረጃ ነው።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ ያላወቀውን አላውቅም ይበል። ናሙና በርከት ብሎ በተወሰደበት ሜዳና ማንም ባልቆፈረበት የግሼ ገደላማ ማሳ ላይ እኩል በራስ መተማመን መናገር የለበትም። ግምቱ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ በተራ አማርኛ መነገር አለበት።

ሦስተኛ፣ ስህተቱ ዋስ ይኑረው። ምክሩን ተከትሎ ተበድሮ የከሰረ ገበሬ ብቻውን አይክፈል። አማካሪው ተቋም፣ አበዳሪው ወይም የሰብል መድን ድርሻ ካልወሰደ «ትክክለኛ ምክር» የሚለው ቃል ባዶ ነው። የማይከፍል መካሪ አይጠነቀቅም።

አራተኛ፣ መለካቱ አይቋረጥ። ዘመናዊ መተግበሪያ ለማስመረቅ ገንዘብ ይገኛል፤ ዝናብ ለሚጽፍ ታዛቢ ደመወዝ፣ ለደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ነዳጅና ላቦራቶሪ ግን ሁልጊዜ ያጥራል። አንዲት ጥድን የክልሉ የምርምር ተቋም፣ ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የውሃና መሬት ሀብት ማዕከል ተረክበው ባያቆዩዋት ኖሮ፣ ከ1974 ዓ.ም. የተጀመረው መዝገብ የውጭው ፕሮጀክት ሲያበቃ አብሮ ባበቃ ነበር። ከገበሬው ማሳ የተወሰደው ናሙና ውጤትም ወደ ገበሬው ይመለስ። አፈሩን ቆፍሮ የሰጠ ሰው ውጤቱን የማወቅ መብት አለው።

የመርፊ ሪፖርት ምክር ሆኖ ለአርባ ዓመት የኖረው ሪፖርቱ ስለተሳሳተ አልነበረም። ተመልሶ የሚለካ ስለጠፋ ነው። የዛሬው ማሽን ከዚያ ሪፖርት ይበልጥ ብልህ ነው፤ ካልተመገበ ግን እንደዚያው ያረጃል። በሚቀጥለው ክረምትም የመጀመሪያው ጎርፍ አንዲት ጥድ ላይ ሲወርድ አንድ ሰው ጠርሙስ ይዞ ወንዝ ዳር መቆም ይኖርበታል። የቴክኖሎጂው በጀት ሲጸድቅ የዚያ ሰው ደመወዝ በየትኛው መደብ ላይ እንደተጻፈ መጠየቅ የአንባቢም፣ የምክር ቤት አባልም ድርሻ ነው።